አውሮራን የሚያስነሳው ማዕበል ከአራት ኪሎ ሲታይ

የሰሜን ብርሃን፣ ማለትም አውሮራ፣ አዲስ አበባ ላይ አይታይም። ብርሃኑ የሚፈጠረው የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚወጣ የቅንጣቶች ጅረት፣ የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ ነው። መናወጡ ሲበረታ መግነጢሳዊ ማዕበል ይባላል። በዚያ ጊዜ ቅንጣቶች በመስኩ ተመርተው በዋልታዎች ዙሪያ ወዳለው ሰማይ ይወርዳሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ባለው ከፍታ ከአየሩ ጋር ሲጋጩም ያበራሉ። የታወቀው አረንጓዴ ቀለም ከኦክስጅን ይመጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዋልታዎቹ ርቃ፣ በመግነጢሳዊው ወገብ፣ ማለትም የመሬት መግነጢሳዊ መስክ አግድም በሚሆንበት መስመር፣ አጠገብ ትገኛለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በነበረው ኃይለኛ ማዕበል አውሮራ ከናሚቢያ ሳይቀር ፎቶ ተነስቷል። እኛ ጋ ግን ሰማዩ እንደወትሮው ነበር።

ማዕበሉ ራሱ ግን አዲስ አበባም ይደርሳል። ይህን ለረጅም ዘመን ሲመዘግብ የኖረው አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ (የመሬት ፊዚክስ) ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የምልከታ ጣቢያ፣ ነው።

ኦብዘርቫቶሪው የተመሠረተው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1957–58፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የምሥረታው ዓመት አንዳንድ ቦታ 1957፣ ሌላ ቦታ 1958 ተብሎ ይጻፋል። ሥራውን ያስጀመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። ቦታው ለሳይንስ ውድ ነበር። ከመግነጢሳዊው ወገብ በላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህን ጅረት ከሥሩ ሆኖ መለካት የሚቻለው በዓለም ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ አራት ኪሎ አንዱ ነው።

በዚያ ዘመን የመግነጢስ ጣቢያዎች የሚመዘግቡት በፎቶ ወረቀት ነበር። መስተዋት የተገጠመለት ትንሽ ማግኔት መስኩ ሲለወጥ በጥቂቱ ይዞራል። መስተዋቱ የሚመልሰው የብርሃን ጨረር በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር ይስላል። አዲስ አበባ ላይ መስኩ ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ነው። ማዕበል ሲነሳ መስመሩ ድንገት ይዘላል፣ ቀጥሎ ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ሰሜን ላይ ሰው አረንጓዴ መጋረጃ በሚያይበት ሌሊት እዚህ የሚቀረው ምልክት ይህ ነው። ለእኔ ከብዙ የአውሮራ ፎቶ ይበልጥብኛል።

ያው ተቋም የመሬት መንቀጥቀጥም ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ1961 የሰሜን ሸዋዋን ማጀቴን ያፈራረሰውን የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ አጥንቷል። ጉዋን በኋላ የአገራችንንና የአካባቢውን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል።

በደርግ ዘመንም ሥራው ቀጥሏል።

ዛሬ ተቋሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ተብሏል። የመግነጢስ መለኪያው ኢንተርማግኔት የተባለው ዓለም አቀፍ መረብ አባል ነው። ስለዚህ የጣቢያውን መረጃ የፈለገ ሁሉ ኦንላይን ማየት ይችላል።

ሰማይ ፎቶ ማንሳት የሚወድ የከተማችን ሰው ለአውሮራ ወደ ኖርዌይ ወይም አይስላንድ መሄድ አለበት። ትራይፖድና ሰፊ ሌንስ ያስፈልገዋል። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፣ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ ተጨማሪውን ከልብስ ሥር መያዝ ይበጃል። ልምምዱን እዚሁ መጀመር ይቻላል። መሀል ከተማው በመብራት የተሞላ ስለሆነ እንጦጦ ይሻላል፤ ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉትም እዚያ ነው። ክረምቱ በደመና ያልፋል። ከጥቅምት በኋላ ግን ሰማዩ ይጠራል።