የስፒከርን የድምፅ ጥራት ስለመለካትና ስለማወዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዋቱ የበዛ ስፒከር የተሻለ ነው።» ዋት ስፒከሩ ሳይጎዳ የሚችለውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የድምፁን ጥራት አይገልጽም። ለድምፅ ከፍታም ቢሆን ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል።

«ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ከተጻፈበት ሁሉንም ድምፅ በእኩል ያሰማል።» ኸርዝ የድምፅን ውፍረትና ቅጥነት ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። በዚህ ክልል ውስጥ ድምፁ በስንት ዴሲቤል ከፍና ዝቅ እንደሚል አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ለንጽጽር አይረባም።

«ጥራት የየሰው ምርጫ ስለሆነ በመለኪያ አይታወቅም።» ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ድምፅን በሚያሳልፍ መጋረጃ የተሸፈኑ ስፒከሮችን በእኩል የድምፅ ከፍታ እያሰማ አድማጮችን ነጥብ ሲያሰጥ፣ አብዛኞቹ የመረጡት ከፊት ለፊት ሲለካ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፁ ሳይዋዥቅ የሚዘልቀውን፣ ወደ ጎን የሚረጨው ድምፅም ተመሳሳይ ጠባይ ያለውን ስፒከር ነበር። ሌላው ተመራማሪ ሾን ኦሊቭም በ2004 የ70 ስፒከሮችን ልኬት መነሻ አድርጎ የአድማጮችን ነጥብ በስሌት ሲገምት፣ በግምቱና በተሰጠው ነጥብ መካከል የነበረው ዝምድና 0.86 ደርሷል (1 ማለት ፍጹም መጣጣም ነው)። የሰው ጆሮ ይህን ያህል መስማማቱን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ።

«ሱቅ ሄጄ ብሰማው ይበቃኛል።» መስማት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቱልና ኦሊቭ በ1994 ለ40 አድማጮች ያንኑ ስፒከር በግልጽም በመጋረጃ ጀርባም ሲያሰሙ፣ የስፒከሩ መልክ፣ መጠንና ዋጋ ነጥቡን እንደሚያዛባ አይተዋል። ከዚህም በላይ ከሁለት ስፒከሮች በጥቂቱ ጎላ ብሎ የተከፈተው የተሻለ ስለሚመስል፣ ሻጩ ድምፃቸውን ሳያስተካክል የሚያሰማው ንጽጽር ሊታመን አይገባም።

«አንድ ማይክሮፎን ከፊቱ ማቆም ይበቃል።» በክፍል ውስጥ ጆሯችን የሚደርሰው ድምፅ ከፊሉ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ተንጸባርቆ የሚመጣ ስለሆነ፣ በአሜሪካ በሥራ ላይ የዋለው ሲቲኤ 2034 የተባለው መስፈርት ስፒከሩ በየ10 ዲግሪው፣ በአግድምም በቁመትም፣ በድምሩ 70 ጊዜ እንዲለካ ያዝዛል።

«ልኬቱ ጥሩ ከሆነ የትም ቢቀመጥ አንድ ነው።» ከ300 ኸርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ክፍሉ ከስፒከሩ የበለጠ ይወስናል፤ ስለዚህ ባሱ ያጓራባችሁ እንደሆነ ስፒከሩን ከመለወጣችሁ በፊት ከጥግ አርቃችሁ ደግማችሁ አዳምጡት።