ስውር ዘረኝነት ምንድን ነው?

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ሲያመሰግኑትም የሚከፋው ትውልድ መጣ» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ሰሞኑንም አንዱ ይህንኑ ጻፈ። ምሳሌ ያደረገው ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው። መምህሩ «እንግሊዝኛህ እንዴት ጥሩ ነው!» ቢሉት ከፋው፤ ጸሐፊያችንም ሆደ ባሻ ብሎት አለፈ።

ስውር ዘረኝነት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ተናጋሪው በልቡ የሸሸገውን ጥላቻ ነው። ክርክሩም ሁሉ መምህሩ ደግ ናቸው ወይስ ክፉ ወደሚል ይወርዳል። የሃርቫርዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቼስተር ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1970 ጉዳዩን ሲያነሱ ግን ያስጨነቃቸው የጥቃቅኑ ንቀት ድምር ነበር። ለተማሪው የተሰወረበት ደግሞ ምክንያቱ ነው፦ የተመሰገነው በሥራው ነው ወይስ ከመልኩ ስላልተጠበቀ? ልቡ የጸዳ መምህርም ተማሪውን እዚህ ጥያቄ ውስጥ ሊጥለው ይችላል።

ከኪሎው ሁልጊዜ መቶ ግራም የሚያጎድል ሚዛን ያናድዳል እንጂ አያደናግርም፤ ገዢው ጉድለቱን አስቦ ይከፍላል። በግልጽ ዘረኛ የሆነ መምህር እንዲህ ያለ ሚዛን ነው። የሚያስቸግረው አንዳንዴ ልክ የሚሆን፣ አንዳንዴ የሚያጎድል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚያበዛ፣ መበላሸቱን ባለቤቱ እንኳ የማያውቀው ሚዛን ነው። ቅቤ ለመሸጥ የመጣ ሰው ሲበዛለት ደስ ሊለው ይችላል። የራሱን ክብደት ለማወቅ የወጣበት ግን ቢጨመርለትም ቢቀነስበትም ያው ሳያውቅ ይወርዳል። ተማሪ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄደው በከፊል ለመመዘን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ክሮከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች በሌላ ክፍል ካለ ነጭ ተማሪ ስለራሳቸው አስተያየት እንዲደርሳቸው ተደረገ። አስተያየት ሰጪው የሚያይበት መስኮት መጋረጃ ለአንዳንዶቹ ክፍት፣ ለሌሎቹ ዝግ ነበር። ጥቁር ተማሪዎች መልካቸው እንደታየ ሲያምኑ መጥፎውን አስተያየት በአድልዎ አሳበቡት። እንደታዩ እያመኑ የደረሳቸው መልካም አስተያየት ደግሞ ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ዝቅ አደረገው። ነገሩ ሆደ ባሻነት ብቻ ቢሆን መጋረጃው ምን አገባው? (አስተያየቱ ስለ ጓደኝነት እንጂ ስለ ትምህርት አልነበረም፤ ከዚህ ተነስቶ ስለ ፈተና ውጤት የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።)

መጠርጠራቸውስ መሠረት አለው? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬንት ሃርበር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ነጭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደካማ ድርሰት ተሰጥቷቸው አስተያየት እንዲጽፉ ተጠየቁ። ጸሐፊው ጥቁር ነው ብለው ያመኑት በይዘቱ ላይ ለዘብ አሉ፤ በሰዋስው ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ደንቡ ቁርጥ ባለበት ሚዛኑ ልክ ነው፤ ለግምት በተተወበት ያዳላል።

የመለኪያ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ስውር ዘረኝነትን በሚያጠናው ዘርፍ ያሉት አብዛኞቹ ጥናቶች በመጠይቅ የተሠሩ ናቸው። «በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ገጠመህ?» የተባለ ተማሪ የሆነውንና የተሰማውን ቀላቅሎ ነው የሚመልሰው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኮት ሊሊየንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘርፉን አጥብቀው የተቹት በዚህና በመሰል ድክመቶች ነው፤ ብዙው ትችታቸው ያሳምነኛል። አስተያየት ሰጪያችን ግን ምስክር አድርጎ ሊጠራቸው አይችልም። እሳቸው ያሉት በደንብ ይጠና ነው፤ የለም አላሉም።

ታዲያ መምህራን ማመስገን ይተዉ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ችግሩን የምስጋና መብዛትና ማነስ ያደርገዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ከነሙሉ እርማቱ ሲመለስ፣ በአንዳንዶቹ ላይ አጭር ማስታወሻ ተለጠፈ፦ ይህን አስተያየት የሰጠሁህ ካንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርስበት ስለማውቅ ነው የሚል። ይህ ማስታወሻ ካልደረሳቸው ጥቁር ተማሪዎች ድርሰቱን አሻሽለው ያቀረቡት 17 በመቶ ነበሩ፤ ከደረሳቸው ግን 72 በመቶ። የነጮቹ ለውጥ ያነሰ ነበር። ጥቁርና ነጭ ተደምረው 44 ተማሪዎች ብቻ ስለነበሩ መቶኛዎቹን በጥንቃቄ ያዙልኝ፤ እርማቱ ግን ለማንም አልለዘበም።