የጠበቃ ጠበቃ ማን ነው?

ጠበቃም ይከሰሳል። በካሊፎርኒያ ደንበኛ፣ ባንክ ወይም ዳኛ አንድን ጠበቃ ለስቴት ባር (ጠበቆችን ለሚቆጣጠረው የግዛቱ ተቋም) ሲጠቁም፣ የሥነ ምግባር ክስ መከላከልን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሌላ ጠበቃ ይቆምለታል። የሚከራከሩበት ነገር እስራትም ካሳም ሳይሆን ፈቃዱ ነው። ያም ሆኖ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ሩፋሎ በተባለው መዝገብ ክሱ የወንጀል ባሕርይ እንዳለው ጠቅሶ፣ ጠበቃው የተከሰሰበትን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት ብሏል።

ዋናው ሥራ ያለው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው። ከባሩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጥያቄ የሚዘረዝር፣ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ይመጣል። ጠበቆች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት አንዳንዴ ከቅሬታው ይብሳል። ዝም ማለት አንዱ ነው፤ ከምርመራ ጋር አለመተባበር ራሱን የቻለ ጥፋት ነውና። (ራስን ያለመወንጀል መብት ግን እንዳለ ነው፤ በዚህ መብት ስለተጠቀመ ብቻ የጠበቃ ፈቃድ እንደማይሰረዝ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ወስኗል። የትኛው ጥያቄ በመብቱ እንደሚታለፍ የሚመርጠው ተከላካዩ ነው።) ሌላው ተናድዶ በዚያው ሌሊት ረጅም መልስ መጻፍና የደንበኛውን ፋይል እንዳለ ማያያዝ ነው። ደንበኛው ቢከሰውም ምሥጢሩ የሚነሣው ለመከላከያው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው «ገንዘብህን ልመልስ፣ ቅሬታህን አንሣ» ብሎ መደራደር ነው። እኛ አገር በሽማግሌ የሚያልቅ ይመስላል፤ እዚያ ግን ሕግ የከለከለው አዲስ ጥፋት ይሆናል። ደንበኛው ቅሬታውን ቢያነሣ እንኳ ባሩ ምርመራውን ሊቀጥል ይችላል።

አድካሚው መዝገብ የአደራ ሒሳብ፣ ማለትም ጠበቃው የደንበኞቹን ገንዘብ የሚያስቀምጥበት የባንክ ሒሳብ ነው። ጠበቃው የሦስት ደንበኞች ገንዘብ ይዟል እንበል፦ 20,000፣ 15,000 እና 7,000 ዶላር። ሒሳቡ ለአንድ ቀን እንኳ ከ42,000 ከወረደ የአንዳቸው ገንዘብ ተነክቷል ማለት ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ከተጻፈ ደግሞ ባንኩ ራሱ ለባሩ ያሳውቃል። ተከላካዩ የባንኩን መግለጫ፣ የሒሳቡን መዝገብና የየደንበኛውን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቶ ጉድለቱ የገባበትን ቀን ያፈላልጋል። ሦስቱ በየወሩ መመሳከር ነበረባቸው፤ ጉድለት በተገኘበት ቢሮ ግን ብዙ ጊዜ አልተመሳከሩም። ወይ የገባው ቼክ ሳይመነዘር ተከፍሎበታል፣ ወይ ጠበቃው የራሱን የአገልግሎት ክፍያ እዚያው ትቶ የቤት ኪራዩን ከዚያው ከፍሏል። «አላወቅሁም» ማለት ነፃ አያወጣም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ግን ሆን ብሎ እንዳልወሰደ ማሳየት በእገዳና በፈቃድ ስረዛ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ስለሚችል፣ የተከላካዩ ድካም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ክስ ከተመሠረተ ጉዳዩ ወደ ባሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠበቅበት ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ነው፤ ከተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይከብዳል፣ ከወንጀል ይቀልላል። ተከላካዩ ደግሞ ቅጣት ማቅለያ ይሰበስባል፦ ያለ ጥፋት የተሠራበት ዘመን፣ የሕመም ማስረጃ፣ የተመለሰ ገንዘብ፣ ክሱን አውቀው ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩ ሰዎች። ለክሱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 20 ቀን ነው። ጨርሶ ሳይመልስ የቀረ ጠበቃ በሌለበት ታይቶበት ፈቃዱ እስከ መሰረዝ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ እንዲመለስለት ለማመልከት በመደበኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት።