የልጆች የአፍ ንጽሕናና የመተንፈሻ አካላት ጤና

ምግብና አየር እስከ ጉሮሮ ድረስ አንድ መንገድ ስለሚጋሩ፣ በጥርስና በድድ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ ከሳንባ ብዙም አይርቅም። ጤነኛ ሰው እንኳ ተኝቶ ሳለ ጥቂት ምራቅ ሳያውቀው ወደ አየር ቧንቧው ይወርዳል፤ ሆኖም ሳል፣ ቧንቧውን ከውስጥ ያለበሱት ጥቃቅን ፀጉሮችና የሰውነት መከላከያ ጠራርገው ያስወጡታል። ስለዚህ ጥርሱን ሳይቦርሽ ያደረ ጤነኛ ልጅ በማግስቱ የሳንባ ምች ይዞት አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ700 ሺህ በላይ ሕፃናትን የገደለው ይህ በሽታ በዋናነት የሚመከተው በክትባት፣ በተመጣጠነ ምግብና ቤትን ከጭስ በመጠበቅ ነው፤ የጥርስ ብሩሽን ከነዚህ እኩል ማሰለፍ ማጋነን ይሆናል።

ግንኙነቱ የሚጠነክረው ይህ መከላከያ በተዳከመበት ልጅ ላይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትና መዋጥ የሚቸግረው ልጅ ደጋግሞ ትን ሲለው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በቱቦ የሚተነፍሰው ደግሞ ማሳል ሲሳነው፣ የአፍ ቆሻሻ ወደ ሳንባ የሚወርድበት በር ይከፈታል። በጃፓን በ11 የአረጋውያን መጦሪያዎች ለ2 ዓመት በተደረገ ጥናት፣ አፋቸው በየጊዜው የጸዳላቸው ሰዎች በሳንባ ምች የተያዙት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ግን ከዚህ የሳሳ ነው።

ችግሩ ከሳንባ ወደ አፍም ይመጣል። አፍንጫው በአለርጂ ወይም በአዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ዕጢ) እብጠት የታፈነ ልጅ በአፉ ስለሚተነፍስ ምራቁ ይደርቃል፤ ጥርስን ከአሲድ የሚጠብቀው ደግሞ ምራቅ ነው። ለአስም የሚሰጡት የስቴሮይድ ኢንሄለሮች (በአፍ የሚሳቡ፣ የአየር ቧንቧን እብጠት የሚቀንሱ መድኃኒቶች) በምላስና በላንቃ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ ልጁ መድኃኒቱን ከሳበ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ መትፋት አለበት። በስፔሰር፣ ማለትም በኢንሄለሩና በአፍ መካከል በሚገባ ባዶ ቱቦ፣ መሳብም ይረዳል፤ ስፔሰር ከታጣ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ቂጡን በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል። በስኳር የጣፈጠ የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ማስተኛትም ለጥርስ መበስበስ ይዳርጋል።

በኢትዮጵያ የሳልና የጉሮሮ ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ የሚፈጸመው እንጥል ማስቆረጥ፣ እንዲሁም ለተቅማጥና ለትኩሳት የሚደረገው ግግ ማስወጣት (ገና ያልበቀለውን የሕፃን ጥርስ ከድድ ፈልፍሎ ማውጣት) እዚህ ላይ መነሣት አለባቸው። ሁለቱም ባልጸዳ ስለት ሲከናወኑ ደም መፍሰስን፣ ቴታነስንና የደም መመረዝን ያስከትላሉ፤ ሳሉን ያመጣው በሽታ ግን እንደነበረ ይቀራል።

የዘወትሩ ጥንቃቄ ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ እንደወጣች በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይጀመራል፤ መጠኑም እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ነው። ትን የሚለው ልጅ ከሆነ ቀና ተደርጎ ይያዛል፣ ሳሙናው ይቀነሳል፤ አረፋውም ውኃ ከማስጎንጨት ይልቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግለታል።