የእጅ አንጓ ሕመም ሁሉ ወለምታ አይደለም

ወንድሜ ኮምቦልቻ ውስጥ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል። አንድ እሑድ ደሴ እናታችን ቤት መጣ። «እስቲ ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ አውርድልኝ» አለችው። በቀኙ አነሳና ወዲያው በግራው ደገፋት። አንጓው አልችል ብሎት ነበር።

ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ሕመሙ ኪንቦክ መሆኑ ታወቀ። ስሙ በፈረንጆቹ 1910 ስለ በሽታው ከጻፈው የቪየና የራጅ ሐኪም የመጣ ነው። አንጓችን ላይ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። መሐል ያለችው፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለው፣ ደም ሲያጥራት ቀስ በቀስ ትሞታለች። ስሙን እስክናውቅ ድረስ ያልተመከርነው ነገር የለም።

«ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይሽው»

እኛ ወሎዎች እጅ ሲያመን መጀመሪያ የምንጠራው ወጌሻ ነው። ወንድሜም ሦስት ጊዜ በቅቤ ታሸ። ማታ ቀለል ይለዋል፤ ጠዋት አንጓው አብጦ ይነሳል። እዚህ ከቦታው የወለቀ ነገር የለም፤ የጎደለው ደም ነው። ደሙን ደግሞ ማሸት አይመልሰውም። የአንጓ መሐል ሕመም ለሳምንታት ካልለቀቀ፣ እጅ መጨበጥ ካቃተው፣ እባካችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ብርድ ነው»

የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ። አጥንት ግን አይገድልም። የበሽታው መነሻ አንድ ብቻ አይደለም። በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንታቸው አጠር ያለ ሰዎች ላይ ጫናው በዚህች አጥንት ላይ ይበዛል።

«ራጅ ተነስቷል፣ ደህና ነው»

መጀመሪያ ላይ ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሳ ምስል ግን ቀድሞ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ያባከነብን ይሄ ነው።

«ያለው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው»

አይደለም፣ እንደ ደረጃው ነው። ገና ሲጀምር ከሆነ እጁ በጄሶ ወይም በድጋፍ ታስሮ ለወራት ያርፋል። የሕመም ማስታገሻ ይታዘዛል፤ እሱም ሕመሙን ነው እንጂ አጥንቱን አያድንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተዋጠ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። አጥንቷ ሳትፈራርስ ከተደረሰባት፣ በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት ጥቂት ሚሊሜትር አሳጥሮ ሸክሟን ማቅለል ይቻላል። የደም ሥር ያለው ቁራጭ አጥንት ከሌላ ቦታ አምጥቶ መትከልም አለ። ከፈራረሰች በኋላ ግን ወይ እሷንና ሁለት ጎረቤቶቿን ማውጣት፣ ወይ አንጓውን ማጣበቅ ነው። ከተጣበቀ አይተጣጠፍም፤ ሕመሙ ግን ይቀንሳል።

«እጁ ይቆረጣል»

እናታችንን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ወሬ ነው። ኪንቦክ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። «ቀዶ ጥገና ከተደረገለት እንደ ድሮው ይሆናል» የሚሉትም ተሳስተዋል። ጉልበቱና እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

የወንድሜ የክንድ አጥንት እንዲያጥር ተደርጓል። ጄሶው ተፈቷል፣ ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ሲኒውን በቀኙ አነሳ። ጀበናዋን ገና አላስነካነውም።