የአሳማ ልብ በዝንጀሮ ደረት፦ «ሰውነቱ ካልገፋው ጨረስን» ለምትሉ

«ከአሳማ ወደ ዝንጀሮ ልብ ሲዛወር ችግሩ አንድ ነው፤ ሰውነቱ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው መድኃኒት ከተሰጠ ሌላው ይስተካከላል።» ይህን ከሕክምና ተማሪዎች ሳይቀር ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። አይስተካከልም።

በጀርመን ሙኒክ የልብ ቀዶ ሐኪሙ የብሩኖ ራይሻርት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመውን ጥናት እዩ። መጀመሪያ የአሳማውን ልብ፣ ለሰው የሚዛወር የሰው ልብ እንደሚቆየው፣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ አቆዩት። ተሰፍቶ ደም ሲለቀቅበት ደከመ፤ ሰውነቱ ገና ሳይገፋው ማለት ነው። የአሳማ ልብ ደም ተቋርጦበት መቆየትን አይችልም። ስለዚህ ኦክስጅንና ምግብ ያለው ፈሳሽ በ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፓምፕ እያዘዋወሩበት አቆዩት፤ ያኔ በደንብ መታ።

ቀጥሎ ልቡ አደገ! አሳማው ገና ልጅ ነው፤ ልቡም የትም ቢተከል ለትልቅ አሳማ እንደሚሆን ሆኖ ያድጋል። በዚያ ላይ የዝንጀሮ የደም ግፊት ከአሳማ ይበልጣል። በአልትራሳውንድ ሲታይ የልቡ ግድግዳ ይወፍራል፣ ደም የሚሞላበት ቦታ ይጠባል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ጉበት ይጎዳል። ከእነዚህ ዝንጀሮዎች ከ40 ቀን ያለፈ የለም። ግፊቱን ዝቅ አድርገው፣ ከመከላከያ አፋኞቹ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ኮርቲዞን ቶሎ ቀንሰው፣ እድገትን የሚገታውን ቴምሲሮሊመስ ሲጨምሩ ግን ሁለት ዝንጀሮዎች ስድስት ወር ገደማ ኖሩ፤ አንዱ 195 ቀን። የሰውነትን መከላከያ የሚያፍነው መድኃኒት እኮ ከመጀመሪያውም ይሰጥ ነበር!

«945 ቀን የቆየ አለ» ለሚሉት፦ እውነት ነው፤ ግን ያ ልብ የተሰፋው ሆድ ውስጥ ነው፣ ዝንጀሮውን ያኖረው የራሱ ልብ ነበር። አዲስ ውጤት ስታነቡ መጀመሪያ «የራሱ ልብ ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ከባዱ ስፌቱ ነው» ለሚሉት፦ ስፌቱን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ ላወርና ሻምዌይ እ.ኤ.አ. በ1960 በውሻ አሳይተዋል።

«በንጹሕ በረት ያደገ አሳማ ቫይረስ የለበትም» ለሚሉት፦ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ሜሪላንድ የአሳማ ልብ የተሰጠው ዴቪድ ቤኔት ላይ የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተገኝቷል፤ ከአሳማው አፍንጫ የተወሰደው ናሙና ግን ነፃ ነው ብሎ ነበር። ቫይረሱ ይደበቃል። በዚህ ቫይረስ የተያዘ ልብ የተሰጣቸው ዝንጀሮዎችም ዕድሜያቸው በጣም አጭር ሆኗል። በዚህ ዘርፍ መሥራት የምታስቡ፣ በአፍንጫ ናሙና ብቻ አትርኩ፤ በአሳማው ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉን (ሰውነቱ ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን) ፈልጉ፣ የአሳማ ግልገሎቹንም ከእናታቸው ቶሎ ለዩ።