ሶላር የሚሠራው በብርሃን ነው፣ በሙቀት አይደለም

«ወንድሜ፣ አዳማ እኮ እሳት ናት! ሶላር እዚህ ካልሠራ የት ሊሠራ ነው?» ሶላር መግጠም ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ሳልሰማ ያለፈኝ ሳምንት የለም። አዎ፣ አዳማ ላይ ሶላር በደንብ ይሠራል። ምክንያቱ ግን ሙቀቱ አይደለም። ሙቀቱ እንዲያውም ጠላቱ ነው።

ፓኔል፣ ማለትም ጣሪያ ላይ የሚገጠመው የሶላር ሰሌዳ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከብርሃን ነው። ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡት። «550 ዋት» የሚለው ቁጥር የተለካው ፓኔሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ቆርቆሮ ላይ ያለ ፓኔል 65 ዲግሪ ቢደርስ አይግረማችሁ። በ25ቱ ላይ 40 ዲግሪ ተጨመረ ማለት ነው። አስሉት፤ ከ12 እስከ 16 በመቶ ይቀንሳል። ከ550ው ዋት ከ66 እስከ 88 የሚሆነውን ሙቀት ብቻ በላው።

አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት «ሶላሩ ሰነፈብኝ፣ ተሸወድኩ መሰለኝ» ብለው ጠሩኝ። ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፓኔሎቹ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈዋል፤ ከሥራቸው ጣት እንኳን አይገባም። ፍሬሙን ነክቼ እጄን ወዲያው መለስኩ። ላያቸው ላይ ደግሞ አቧራው ተጋግሯል። ብረት አስበየድን፣ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል አነሳናቸው፣ ወደ ደቡብም ትንሽ ዘንበል አደረግናቸው። አሁን ነፋስ ከሥር ያልፋል፣ ዝናብ ሲመጣም አቧራውን ይዞት ይወርዳል። በሳምንቱ ደውለው «የኔ ልጅ፣ ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ አደረ» አሉኝ። አንድም ፓኔል አልጨመርንም።

አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ሁሉ ነፋስ ደጃችን እያለ ፓኔል ቆርቆሮ ላይ ማጣበቅ ያናድደኛል። ክፍተት ተዉለት! በበጋ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አጽዱት፤ በጠዋት፣ ገና ሳይግል፣ በለስላሳ ጨርቅ። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሰዎች ስለ ሶላር የሚሉኝ ሌላም አለ። «ደመና ከሆነ ይቆማል።» አይቆምም፣ ይቀንሳል።

«የመኪና ባትሪ ይበቃል።» አይበቃም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብሩበት፣ በጥቂት ወራት ይሞታል።

«ሁለት ፓኔል ምጣድ ያነሳል።» የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ሁለት ፓኔል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንኳን፣ 1,000 ዋት ከሰጠ ጥሩ ነው። እንጀራውን በመስመር መብራት ጋግሩ፣ ሶላሩን ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ አድርጉት።

«ሶላር ካለኝ መብራት ቢጠፋም አይነካኝም።» ይህ ባትሪ ላለው ሰው ነው። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ የተያያዘ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ ራሱን ያጠፋል። የተበላሸ አይምሰላችሁ። ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ከእናንተ ጣሪያ የሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው ነው። ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ስለ ካርቦን ልቀት። ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች «ጣሪያው ላይ ሶላር እንሰቅላለን፣ ሕንፃችን ከካርቦን ነፃ ይሆናል» ይሉኛል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። የአገራችን የመስመር መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው፤ ነፋስም አለበት። ያንን በሶላር ብትተኩ የቆጣሪ ሂሳባችሁ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ካርቦን ግን ትንሽ ነው። በከሰል ድንጋይ መብራት በሚያመነጩ አገሮች የሚባለውን እንዳለ አምጥተን እዚህ አንለጥፈው።

እዚህ ጭሱ ያለው ጓሮ ከቆመው ጄኔሬተር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሆቴል ሶላርና ባትሪ ቢያስገባ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ጎረቤቱም ከጭሱና ከጩኸቱ ይገላገላል። ሻወር ላለው ቤት ደግሞ መጀመሪያ የምመክረው ፓኔል ሳይሆን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። እሱ በቀጥታ ከፀሐይ ስለሚያሞቅ ቦይለሩን ያሳርፈዋል። ምዕራብ በሚያየው መስኮት ላይም ጥላ አድርጉ፣ አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቀይሩ። ከዚያ በኋላ የምትገዙት ፓኔል ቁጥሩ ያንሳል።

ስለዚህ ለሕንፃችሁ ሶላር ልታማክሩኝ ስትመጡ የጣሪያውን ስፋት ብቻ አትንገሩኝ። ያለፉትን ስድስት ወራት የናፍጣ ደረሰኝና የመብራት ቢል ይዛችሁ ኑ። ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልግ የምንነጋገረው ከዚያ ተነስተን ነው።